ወይስ ልምጣ?

«ዝም በይ፤ ወንድምሽ ሊጠራኝ ነው» አለችኝ እናቴ፣ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ። ወንድሜ ከሞተ ዓመት ሊሞላው ነው። እኔ አንድ እግሬን ጫማ ውስጥ ከትቼ ሁለተኛውን ፍለጋ አልጋ ሥር ተንበርክኬ ነበር፤ «ጫማዬን አላየሽም?» ከማለት ሌላ ምንም አላጠፋሁም። ሰው በገዛ ቤቱ ጫማውን መጠየቅ ካልቻለ ምኑን ቤት ሆነ? ቢሆንም ዝም አልኩ። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ የስኳር ዕቃውን ተደግፎ ቆሟል፤ አጠገቡ ውሃ የሞላ ብርጭቆና አንዲት ነጭ ክኒን አለች። ትንሽ ቆይቶ ስልኩ አቃጨለ። እናቴ መነጽሯን አስተካክላ፣ በየቀኑ የምታየውን ጽሑፍ ዛሬ ገና እንደደረሳት ደብዳቤ ቀስ ብላ፣ ድምፅ አውጥታ አነበበችው፦ «እማዬ፣ ነጋ እኮ! ክኒንሽን ዋጥሽ ወይስ ልምጣ?» ከጽሑፉ ሥር አንድ አረንጓዴ ቁልፍ አለ፤ «ዋጥኩ» ይላል። እሱን አልነካችውም። «እሰይ የኔ ልጅ» አለችና ስልኩን ባለበት ተወችው። «ዋጪያ እማዬ!» አልኳት። «እውጣለሁ፣ አንቺ ሂጂ፤ ይረፍድብሻል።» ጫማዬን ከበሩ ኋላ አገኘሁትና ወጣሁ። ደረጃውን ስወርድ እንደ ልማዴ ተበሳጭቼ ነበር። በየሌሊቱ አጠገቧ የማድረው እኔ፣ በየጠዋቱ የሚጠበቀው እሱ።

ለማያውቅ ሰው እብደት ይመስላል፤ አይደለም። እኔና ወንድሜ የምንሠራው አንድ ቢሮ ነበር። ከጎማ መሸጫው በላይ ያለው ፎቅ ላይ፣ ለድርጅቶች የኢንተርኔት ገጽ የምንሠራ ጥቂት ሰዎች ነን። ከደንበኞቻችን አንዱ እናቴ የደም ግፊት ክኒኗን የምትገዛበት መድኃኒት ቤት ነው። በየቀኑ መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች ስልካቸው ላይ የሚከፈት ገጽ ሠራንለት፤ ጠዋት ያቃጭላል፣ የዋጠ ቁልፉን ይጫናል፣ ያልዋጠውን በየሰዓቱ ይጠይቀዋል። ወንድሜን «ችኩሉ» ነበር የምንለው። የሚንቀራፈፍ ገጽ ሲያይ ጥፍሩን ይበላል። የእናቴ ስልክ ደግሞ ያረጀ ነው፤ ገጹን እስኪከፍት እሷ ተነስታ ሁለት ሳህን አጥባ ትመለሳለች። «ይሄማ አይሆንም» አለ ችኩሉ።

በፊት አሠራሩ እንዲህ ነበር። ቴምፕሌት የምንለው ባዶ ቦታ ያለው የገጽ ንድፍ ነው፤ እዚህ ጋ ስም ይግባ፣ እዚያ ጋ ሰዓት ይግባ የሚል። ይሄ ንድፍ ጥሬውን ወደ ደንበኛው ስልክ ይላካል፤ ስልኩ ላይ ያለው ገጽ መክፈቻ፣ ብሮውዘሩ፣ ቁጭ ብሎ እያነበበ፣ ባዶውን እየሞላ ወደ ገጽ ይቀይረዋል። አዲስ ስልክ ለዚህ አይጨነቅም። የእናቴ ስልክ ግን ያቃስታል። ወንድሜ ታዲያ ንድፎቹን እኛው ጋ አስቀድሞ አብስሎ፣ ብሮውዘሩ በቀጥታ ወደሚያሄደው ቋንቋ፣ ወደ ጃቫስክሪፕት ቀይሮ፣ ከሌላው ኮድ ጋር በአንድ ጥቅል አስሮ መላክ ጀመረ። ደንበኛው ዱቄት ተሸክሞ ሄዶ ቤቱ ከሚጋግር የተጋገረ ዳቦ ይውሰድ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ የእናቴ ገጽ ጣቷን ሳታነሳ ይከፈት ጀመር። ሁሉንም ነገር መጀመሪያ የሚሞክረው በእሷ ስልክ ነበር፤ «ወይስ ልምጣ?» የሚለውንም የጻፈው በሙከራ ላይ እያለ ነው። የአፍ ማስፈራሪያ እንዳይመስላችሁ፤ ይመጣል። በምሳ ሰዓት ሁለት መንገድ ተሻግሮ ይመጣና፣ በሩ ላይ ቆሞ ያስውጣትና፣ ሳይቀመጥ ይመለሳል። እሷም አንዳንድ ቀን እንዲመጣላት ብላ ሆን ብላ ትተወው ነበር።

የእናቱን ግፊት ሲያስለካ የራሱን ሳያስለካ፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የቢሮው ደረጃ ላይ «ትንሽ ልረፍ» ብሎ እንደተቀመጠ ቀረ። የሞተ ተጎዳ ይላል ሰው። ይህን ያለ ሰው እናት የነበረችው አይመስለኝም። ገጹ ግን አልሞተም፤ በየጠዋቱ እናቴን መጥራቱን ቀጠለ። እኔም ምን ልበል? ላጥፋው ብል እጄ አልታዘዘኝ፤ ልተወው ብል በየቀኑ ጠዋት የሞተ ሰው ቤታችን ሲናገር እሰማለሁ። ለእናቴ ብቻ የሚመጣ መስሎኝ ነበር፤ ይሁንላት ብዬ ተውኩት።

ቢሮ ስደርስ፣ ገና ደረጃው ላይ ሳለሁ የአንዲት ሴት ድምፅ ሰማሁ። «ካልመጣችሁ ለምን ልምጣ ትላላችሁ?» ይላል ድምፁ። ባለሁበት ቆምኩ። የወንድሜ ቃል ነው፤ የቤታችን ቃል፣ ከጠረጴዛችን ተነስቶ የማላውቃት ሴት አፍ ውስጥ ገብቷል። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጣሁ። ሴትዮዋ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህርት ናቸው፤ ቀጥ ብለው የተቀመጡ፣ ቦርሳቸውን ብብታቸው ሥር የያዙ፣ ግንባራቸው ላይ ፕላስተር የተለጠፈባቸው። ያመጣቻቸው የመድኃኒት ቤቱ ፋርማሲስት ናት፤ ከኋላቸው ቆማ ዓይኗ ወለሉ ላይ ነው። አለቃችን እጆቹን እያፋተገ «እማማ፣ ይቅርታ፣ የቴክኒክ ስህተት ነው» አላቸው።

«እማማ አትበለኝ! አሁን ደግሞ አንተ ጀመርክ?» አሉት። ከዚያ እንደገና መናገር የጀመሩት ለእኔ ነው፤ ሴት ስለሆንኩ ይሁን ፊቴ ላይ አንድ ነገር አይተው እንጃ። «እኔ ወልጄ አላውቅም» አሉ። «ባል ነበረኝ፣ ሞተ። እማዬ ብሎኝ የሚያውቅ ሰው የለም፤ ተማሪዎቼም ቲቸር ነው የሚሉኝ። አንድ ቀን ጠዋት ስልኬ እማዬ አለኝ። ተሳስቶ ነው አልኩ። በማግስቱም አለኝ፤ እንዲህ ሲለኝ ከረመ። ደግሞ ወይስ ልምጣ ይላል። ባለፈው ሳምንት እንግዲህ ልምጣ ካለ ይምጣ ብዬ ክኒኑን ተውኩት። ቤቱን አጸዳሁ። ወንበር ላይ ያለውን ልብስ አነሳሁ፤ የሚቀመጥበት ይጣ? በየሰዓቱ ልምጣ ይለኛል፣ እኔ ዝም። ና አይባል ነገር የሚጻፍበት ቦታ የለው፤ ዋጥኩ የሚል ብቻ ነው ያለው። ጠበቅኩ። ሳምንቱን ሙሉ ጠበቅኩ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ውስጥ አዞረኝና ግንባሬን አገኘኝ።» ፕላስተራቸውን ነካ አደረጉት። «ልጅት፣ እኔ ቂል አይደለሁም። ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ማሽን መሆኑን አውቃለሁ። ግን የሚጽፈው ሰው አይደል?»

አለቃችን ከመጨነቁ የተነሳ መናገር የሌለበትን ተናገረ፤ «ጽሑፉን የጻፈው ልጅ... አርፏል፤ የእሷ ወንድም ነበር» ብሎ እኔን አሳያቸው። «መቼ?» አሉ መምህርቷ። ዓመት ሊሆነው ነው አልናቸው። «ትናንት ልምጣ ያለኝስ?» ብለው ጠየቁ። ቦርሳቸውን ከብብታቸው አውርደው ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። «ውይ ልጄን» አሉ ቀስ ብለው፤ «ይህን ሁሉ ጊዜ እማዬ ሲለኝ ከርሞ ሳላለቅስለት!» ወዲያው እዚያው፣ በቢሯችን የፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ አይተውት ለማያውቁት ወንድሜ አለቀሱ። እኔ አላለቀስኩም። ነውር ነው ብትሉኝም የተሰማኝ ቅናት ነው። እኔ ወንድሜን ከእናቴ ጋር መካፈል አቅቶኝ ስናደድ፣ ለካ ከተማው ሁሉ ይካፈለኛል።

ፋርማሲስቷ መምህርቷን ይዛ ስትወጣ በር ላይ ክንዴን ያዘችኝ። ሌሎቹ እናቶች ቅሬታ አቅርበው አያውቁም አለችኝ፤ እንዲያውም ወደዱት። አንዷ ልጇን «ይሄ ካንተ ይሻላል» ብላ ሰድባበታለች። ለእናቶች የተዘጋጀ ልዩ ጽሑፍ መስሏት እሷም ዝም ብላ ነበር። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እናትሽ ደህና ናቸው?» አለችኝ። ደህና ናት አልኩ። «አይ፣ መድኃኒት ከወሰዱ ቆዩ። ዋጋ ስለጨመርን ሌላ ጋ መግዛት ጀምራችሁ ነው ብዬ እኮ ነው። ምን እናድርግ፣ አምጪዎቹ ጨመሩብን።» እኔም ሳላስበው «አዎ፣ እንደዚያ ነው» አልኳት። ሌላ ቦታ ግን ገዝተን አናውቅም። ክኒኗን ሁልጊዜ ራሷ ሄዳ ነው የምትገዛው፤ እግሬን ላፍታታ ትላለች፣ አልከለክላትም።

ይሄን ለማሰብ ጊዜ አላገኘሁም። አለቃችን «ዛሬውኑ ይጥፋ! ሰው ሊሞትብን ነው» እያለ ክፍሉን ይዞራል። ሥራው ለሚስማር ተሰጠ። ሚስማር ቀጭን፣ ረዥም፣ በሁሉ ነገር የሚስቅ የሥራ ባልደረባችን ነው፤ ወንድሜ ከሞተ በኋላ እንኳ ከሰው ሁሉ ቀድሞ የሳቀ እሱ ነው። «ቴምፕሌቱን ከፍቼ መስመሯን አጠፋታለሁ፣ አለቀ ደቀቀ» ብሎ ተቀመጠ። ሁላችንም የምንሠራበት የጋራ ፋይል ውስጥ ያለውን ቴምፕሌት ከፈተ። «መድኃኒትዎን ወስደዋል?» ይላል። እማዬ የለም፣ ልምጣ የለም። ሌላ ቦታ ይሆናል ብሎ ኮዱን በሙሉ ፈተሸ፤ የለም። የደንበኞቹ መረጃ ያለበትን አገላበጠ፤ የለም። የመሞከሪያ ስልካችን ላይ ግን አለ። «የትም ሳይኖር እንዴት ይመጣል?» አለ አለቃችን። ሚስማር ለሙከራ ቴምፕሌቱን አጥፍቶ «ሰላም» ብሎ ጻፈበትና ገጹን እንደገና ከፈተ። ገጹ፦ «እማዬ፣ ነጋ እኮ!» ሦስት ጊዜ አጠፋ፣ ሦስት ጊዜ ያው ነው። ሚስማር መሳቁን አቆመ። «ኧረ በሕግ!» ብሎ ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ። «በእጄ ነው ያጠፋሁት፤ አይታችኋል አይደል?» ይህን እያለ የመሞከሪያው ስልክ ጠረጴዛው ላይ አቃጨለ፤ «ወይስ ልምጣ?» ሦስታችንም ወደ በሩ ዞርን። አዎ፣ እኔም ዞሬያለሁ። በሩ ገርበብ ብሎ የተከፈተ ነበር፤ ከወዲያ ያለው ያው ደረጃ ነው።

የደነገጥኩት አንድ አፍታ ነው። ከዚያ ተናደድኩ፤ ለዓመት ያህል ማናችንም ያላሰብነው ነገር እንዲህ ቀላል ሆኖ ሳገኘው። «ሊጡን ብትቀይር የተጋገረው ዳቦ ላይ ምን ይለወጣል?» አልኩት ሚስማርን። ገጹ ቴምፕሌቱን ማንበብ ካቆመ ቆይቷል፤ የሚያነበው የበሰለውን ጥቅል ነው። ጥቅሉን ለመጨረሻ ጊዜ ያበሰለው ወንድሜ ነው፣ በራሱ ኮምፒውተር፣ ሊሞት ሰሞን። ለእናቴ የጻፋትን መስመር በራሱ ቅጂ ላይ ብቻ፣ ለሴት ደንበኞች በሚወጣው ቦታ አስገብቶ እየሞከረ ነበር፤ ወደ ጋራው ፋይል አልመለሳትም። በዚያው ጥድፊያው አብስሎ፣ ጠቅልሎ፣ ለሁሉም ላከው። አይ ችኩሉ! ስለዚህ የእናቴ መስመር በየትኛውም ፋይል ላይ የለችም፤ ያለችው ጥቅሉ ውስጥ ብቻ ነው። ኮምፒውተሩ ተጠርጎ ለሒሳብ ሠራተኛዋ ተሰጥቷል። ከእሱ በኋላ ደግሞ ጥቅሉን ያበሰለ ሰው የለም። ለምን ቢባል፣ ሥራ አልነበረም እንላለን፤ እውነቱ ግን የሞተ ሰው አልጋ ላይ መተኛት ነው የመሰለን። «እና በአዲስ ካበሰልነው?» አለ ሚስማር። «ይጠፋል» አልኩ። «ለሁሉም?» «ለሁሉም።»

ጥቅሉን ከፍቼ ፈለግሁት። እንደዚህ ያለ ፋይል ለሰው ዓይን አልተሠራም፤ ቶሎ እንዲደርስ ሲባል ክፍተቱ ሁሉ ተጨምቆ፣ የነገሩ ሁሉ ስም ወደ አንድ ፊደል አጥሮ፣ ሺህ መስመር አንድ መስመር ሆኗል። ወንድሜ በሕይወቱ ያወጣው ስም አንድም አልቀረም። ሰው የሚያነበው ጽሑፍ ግን አይታጠርም፤ ከዚያ ሁሉ ዝብርቅርቅ መሀል አማርኛው ልቅም ብሎ ቁጭ ብሏል። «እማዬ፣ ነጋ እኮ!» አየሁት። ከአጠገቡ ደግሞ አይቼው የማላውቅ ሌላ ጽሑፍ አለ፤ ቁልፉን ለተጫነ ሰው የሚመጣ፦ «ጎሽ! በይ ቻው የኔ እናት፣ እስከ ነገ።» ሆድ ባሰኝ። ዓመቱን ሙሉ እናቴ አጠገብ ተቀምጬ ይህንን አንድም ቀን እንዴት ሳላየው ቀረሁ ብዬ አሰብኩ፤ ከዚያ በላይ ግን አላሰብኩም።

ለእናቴ ብቻ ላስቀረው እችል ነበር። ይህን መናገር አለብኝ። የእሷ ስልክ ከሆነ ይህን አሳይ፣ ካልሆነ ያንን፤ ሁለት መስመር ሥራ ናት፣ አለቃችንም አያውቅም። እንዲያውም መጻፍ ጀምሬ ነበር። በምሳ ሰዓት ግን ወደ ደረጃው ወጥቼ ደወልኩላት። «ዋጥሽ?» አልኳት። «ኧረ እውጣለሁ፣ አትጨቅጭቂኝ።» «እስካሁን ምን ትጠብቂያለሽ?» ከኋላዋ የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማኛል። «ገና ይጠራኛል እኮ» አለችኝ በመጨረሻ፣ ሕፃን ልጅ እንደምታባብል አድርጋ። የመምህርቷ ግንባር ላይ ያለው ፕላስተር ትዝ አለኝ፤ «ከወሰዱ ቆዩ» ያለችኝ ፋርማሲስትም። እናቴ እንደ መምህርቷ በር በሩን እያየች ነው ማለት ነው። እንደ ድሮው በምሳ ሰዓት መንገዱን ተሻግሮ ይመጣል ብላ ክኒኗን ትታ ትጠብቀዋለች፤ እኔ ደግሞ ያንን ልጠብቅላት ሁለት መስመር እየጻፍኩ ነው። ስልኩን ዘግቼ ተመለስኩና የጻፍኩትን አጠፋሁት። ፈራሁ። አንዱን ቀብሬያለሁ፣ ሌላ አልቀብርም አልኩ።

ሚስማር «ለማስታወሻ ቅጂ ላስቀምጥልሽ?» አለኝ፤ ሲፈልግ ደግ ነው። አይሆንም አልኩት። ካስቀመጥኩ አንድ ቀን ማታ ተነስቼ እንደምመልሰው አውቃለሁ። አለቃችን የጋራው ቴምፕሌት ላይ «ደንበኛችን» የሚል ቃል አስጨመረበት፤ ክብር ነው አለ። ትእዛዙን ሰጠሁና ማሽኑ ማብሰል ጀመረ። ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ጠብቄ ነበር፤ የሚያስቸግር፣ የሚያጣብቅ ነገር። አንድ ትንፋሽ አይሆንም። አዲሱ ጥቅል በአሮጌው ቦታ ተቀመጠ፤ በራሱ የሚያቃጭለው ግን ከነገ ጠዋት ጀምሮ ነው። ሚስማር የመሞከሪያውን ስልክ ከፈተ፦ «ደንበኛችን፣ መድኃኒትዎን ወስደዋል?» ይላል፤ ከሥሩ «ወስጃለሁ»። «ተገላገልን» አለ አለቃችን። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አንገቴን ደፍቼ የጎማ ነጋዴውን ገጽ ስሠራ ዋልኩ። አንዴማ ያቃጨለ መስሎኝ ቀና ብያለሁ።

ቤት ስገባ መሽቶ ነበር። መብራቱ ግን አልበራም፤ እናቴ ጠዋት የተውኳት ወንበር ላይ ናት። ውሃው ብርጭቆ ውስጥ አረፋ አውጥቷል። «ከምሳ በኋላ ተወኝ» አለችኝ፣ እንደምን ዋልሽ ሳልላት። «ዝም አለ። ተቀይሞኝ ነው መሰለኝ።» መብራቱን አብርቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ክኒኗን አነሳኋት። ጫፏ ከመነካካት ብዛት ተሸራርፎ ነጭነቷ ጠፍቷል። የዛሬ ክኒን አይደለችም። በየጠዋቱ የምትወጣው ያቺው አንዲቷ ክኒን ናት፤ ማታ ማታ ወደ ዕቃዋ ትመለሳለች። በየቀኑ ጫማ እየፈለግሁ እኮ ነው የማልፋት። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት። ክኒኗን ከእጄ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ መለሰቻት። «እማዬ፣ ስሚኝ። እሱ አይመጣም።»

«አይመጣም» አለች። ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ ላይ ያለው ቁጣ ነው። «አንቺ፣ እብድ አደረግሽኝ እንዴ? ልጄ መሞቱን ካንቺ ልስማ? እኔ አይደለሁም የቀበርኩት?»

«ታዲያ ለምንድነው የማትውጪው?»

እኔና እሷ ስለ እሱ የተነጋገርንበት ቀን የለም፤ ስለ ጫማ፣ ስለ ሽንኩርት፣ ስለ ቤት ኪራይ እናወራለን። አሁን ግን ተናገረች፣ ወደ ግድግዳው እያየች። ከዋጥኩ ቻው ይለኛል አለች። ቻው የኔ እናት፣ እስከ ነገ ብሎኝ ይሄዳል፤ ቀኑ ደግሞ ረዥም ነው፣ አንቺም የለሽ። ካልዋጥኩ ግን በየሰዓቱ ይጠይቀኛል። ዕቃ ሳጥብ ይጠይቀኛል፣ ጋደም ስል ይጠይቀኛል። ሌላ ማን ይጠይቀኛል? ይህን ስትል ልትወቅሰኝ አልነበረም፤ ዝም ብላ ነው ያለችው፣ ለዚህ ነው የከበደኝ። «እና ዋጪና ቁልፉን አትጫኚዋ!» አልኳት፣ ድምፄ ከፍ አለ። «ቁልፉን ካልነካሽው እኮ ያው ይጠይቅሻል። ብትውጪ ማን ያውቅብሻል?»

«ልዋሸው?» አለች። እውነት ደንግጣ። «ውጬ እያለሁ አልዋጥኩም ልበለው? ልጄን?»

«ለኔስ? ማታ ማታ ውጫለሁ ስትዪኝ አልነበር እንዴ?»

«አንቺማ አለሽ» አለችኝ። «ብትቀየሚኝ ታኮርፊኛለሽ፤ በማግስቱ እንታረቃለን። እሱ ከተቀየመኝ ማን ያስታርቀኛል?»

በር በሩን የምታይ መስሎኝ ነበር፤ በር አይታ አታውቅም። ሞቶም ቢሆን እንዳይከፋው ብላ፣ በየቀኑ እውነቱን ስትነግረው ኖራለች። መደበቅ አልቻልኩም። «እማዬ፣ አልተቀየመሽም» አልኳት። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ዛሬ። ክኒኑን እንድትውጪ ብዬ ነው።» ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ ብትጮህብኝ በወደድኩ። «መልሺው» አለችኝ ቀስ ብላ። የለም አልኳት፤ የትም ቦታ የለም፣ ቅጂም አላስቀረሁም። ግን እኔ ልጽፈው እችላለሁ፣ ቃል በቃል አውቀዋለሁ፣ ነገ ጠዋት ያው ራሱ ይመጣልሻል አልኳት። እናቴ እጇን ጉልበቴ ላይ አደረገች፤ የሚታዘንላት እኔ እንደሆንኩ ሁሉ። «አንቺ ጽፈሽው?» አለች። ሌላ አልጨመረችም። በሞቴ ዋጪ አልኳት፣ ብርጭቆውን አጥቤ አዲስ ውሃ ቀዳሁላት፣ ከማሸጊያው አዲስ ክኒን አውጥቼ ፊቷ አስቀመጥኩ። «እሺ፣ ቆይ» አለችኝ። ጎረቤት በር ዘጋ። ከዚያ ስልኳን ወደ እኔ ገፋ አደረገች። «እስቲ ክፈቺልኝ፤ ምን እንደሚል ልየው።»

ከፈትኩላት። ቶሎ ተከፈተ፤ አሮጌ ስልክ መሆኑ አያስታውቅም። መነጽሯን አድርጋ ጮክ ብላ አነበበች፣ ቃል በቃል፣ ጣቷን ከሥሩ እያስኬደች፦ «ደንበኛችን፣ መድኃኒትዎን ወስደዋል?» ደግማ አነበበችው። «ይሄ ማነው?» አለችኝ።

«መድኃኒት ቤቱ ነው፣ እማዬ።»

«እህ» አለች። ብርጭቆውን ሳታነሳ፣ ክኒኗን ሳታይ፣ አውራ ጣቷን ዘርግታ ቁልፉን ተጫነችው። ወስጃለሁ። ገጹ «እናመሰግናለን» ብሎ ተዘጋ።

«እማዬ፣ አልዋጥሽም እኮ!»

«አልዋጥኩም።»

«ታዲያ ለምን ወስጃለሁ ትያለሽ?»

«ምን ቸገረኝ» አለች፣ ስልኩን በፊቱ ገልብጣ እያስቀመጠች። «ይሄ እኮ ልጄ አይደለም።»